የብዕር ጓደኛ ከባህር ማዶ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ከሁለተኛ ዓመት ተማሪነቴ ጀምሮ ኦሳካ፣ ጃፓን ከምትኖር ጓደኛ ጋር እጻጻፋለሁ። ይህን የሰሙ ተማሪዎች ፒያሳ ቡና ስንጠጣም፣ ኮምቦልቻ ግቢ በር ላይ ታክሲ ስንጠብቅም ይጠይቁኛል። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልስ ብዬ ተቀመጥኩ።

የብዕር ጓደኛ የሚባል ነገር አሁንም አለ እንዴ? በቴሌግራም ማውራት አይበቃም?

አለ። በእናቶቻችንና በአባቶቻችን ጊዜ መጽሔትና ጋዜጣ ላይ «የብዕር ጓደኛ እፈልጋለሁ» የሚል አምድ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፣ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ይወጣል። ከዚያ ደብዳቤ መጠበቅ ነው። አሁን መንገዱ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ቴሌግራም ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር የሚደረገውን ጨዋታ ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሃይ»፣ «ሃይ»፣ «እንዴት ነህ»፣ «ደህና»፣ «ከየት ነህ»። በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ደብዳቤ ግን ቁጭ ብላችሁ የምትጽፉት ነው። ጀምራችሁ ትተዉታላችሁ፣ ማታ ዶርም ተመልሳችሁ ትቀጥላላችሁ። ያኛውም ወገን እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ሰው ስለ እናንተ አስቦ አንድ ሰዓት ቁጭ አለ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ከየት ነው የማገኘው?

ስሎውሊ የሚባል መተግበሪያ አለ። መልእክታችሁ የሚደርሰው እንደ ርቀቱ ዘግይቶ ነው። ሩቅ ሀገር ከሆነ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለእኛ ኔትዎርክ ይመቻል። ጽፋችሁ ትልካላችሁ፣ ፓኬጅ ሲኖራችሁ ገብታችሁ መልሱን ታነባላችሁ። ኢንተርፓልስ የሚባል ድረ ገጽም አለ፣ ቆየት ያለ ነው፤ እዚያ ግን ለጽሑፍ ሳይሆን ለሌላ ነገር የሚመጣ ሰው ስለማይጠፋ ረጋ ብላችሁ ምረጡ። ካርድ በእውነተኛ ፖስታ መላክ ለሚወድ ደግሞ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ ፖርቱጋል ውስጥ የተጀመረው ፖስትክሮሲንግ አለ። እናንተ ለማታውቁት ሰው ፖስትካርድ ትልካላችሁ፣ ሌላ የማታውቁት ሰው ደግሞ ለእናንተ ይልካል።

እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ብዙ ሰው የማያስበውን ነው። ሃምቡርግ፣ ናፖሊ፣ ፓሪስ፣ ዋርሶ ውስጥ አማርኛ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ተማሪዎቻቸው ፊደል ቆጥረው፣ ግስ አርብተው የሚያወሩት ሰው ያጣሉ። እናንተ ደግሞ እንግሊዝኛ መለማመድ ትፈልጋላችሁ። ከመምህራኖቻችሁ መካከል ውጭ የተማሩ ወይም እዚያ የሚያውቁት ሰው ያላቸው አይጠፉም፤ ጠይቋቸው። አንድ ደብዳቤ በአማርኛ፣ አንድ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ። በዚህ መንገድ ስትጀምሩ ለማኝ አትሆኑም። የምትሰጡት ነገር ይዛችሁ ነው የምትሄዱት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ቻት ጂፒቲ ይጻፍልኝ?

አይጻፍላችሁ። ፊደል ቢያርም፣ ያልገባችሁን ቃል ቢያስረዳችሁ ችግር የለውም። ደብዳቤውን ግን እናንተ ጻፉ።

አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ያስጻፈውን ይዞ መጣ። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። «ደሴ በውብ ተራሮች የተከበበች፣ ባህልና ታሪክ የሞላባት ከተማ ናት» ይላል። ደሴ የሚለውን ስም አውጥታችሁ ጎንደር ብትሉት ያስኬዳል። ሐረር ብትሉትም ያስኬዳል። «ዛሬ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?» አልኩት። አሰብ አደረገና «ምንም አላየሁም» አለኝ። የቤተሰቦቹ ቤት ደሴ ሆጤ ነው፤ ክረምት ነበር። «ጉም ነው። የጎረቤታችን ቤት አይታይም። እማማ ግቢ ውስጥ እንጨት ሲፈልጡ ድምፁ ብቻ ይሰማል።» ይህን ጻፍ አልኩት። በሰባት አጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ሁለት ቦታ ሰዋስው ስቷል። መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ልጅቷ ስለ ተራሮቹ ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው እማማ ለምን በዚያ ጠዋት እንጨት እንደሚፈልጡ ነው።

ደግሞ አስታውሱ፤ ብዙ ጊዜ ያኛው ሰውም እንግሊዝኛን የተማረው እንደ እናንተ በትምህርት ቤት ነው። የጓደኛዬ የመጀመሪያ ደብዳቤ ውስጥ «ስለ እንግሊዝኛዬ ይቅርታ» የሚለው ሦስት ጊዜ አለ። እኔም ሁለት ጊዜ ብያለሁ።

የማሽን ትርጉም ላይ ግን አደራ። ከደሴ በስተሰሜን፣ ሐይቅን አልፋችሁ ውጫሌ አለች። በ1881 እዚያ የተፈረመውን ውል ከታሪክ ትምህርት ታስታውሱታላችሁ። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣልያንኛው ግዴታ ሆነ። አንድ ግስ ናት። መጨረሻው ዓድዋ ነው። እናንተም «ብትፈልጊ እንደዋወል» ያላችሁት «መደዋወል አለብን» ሆኖ ሊደርስ ይችላል። የተተረጎመውን መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙትና አንብቡት። ያላላችሁትን ካለ አስተካክሉ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ምን ልጻፍ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ሀገር አትወክሉ። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚጽፈው እንደ ቱሪዝም ቢሮ ነው። ላሊበላ፣ አክሱም፣ ሉሲ፣ ቡና፣ በቅኝ ግዛት ያልተገዛች ሀገር። ይህን ሁሉ ሰውየው ስልኩን ከፍቶ በሁለት ደቂቃ ያገኘዋል። ከእናንተ ብቻ የሚያገኘውን ስጡት።

አንድ ገጽ ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ በሁለት ሦስት መስመር። ከዚያ በዚህ ሳምንት ያያችሁት አንድ ነገር። ከዚያ አንድ ጥያቄ። አንድ ብቻ! አሥር ጥያቄ የተደረደረበት ደብዳቤ የቀበሌ ቅጽ ይመስላል።

ስለ ሰላምታ ደግሞ ልንገራችሁ። ድሮ አያቶቻችን ያስጽፉት የነበረውን ደብዳቤ አይታችሁ ይሆናል። «ይድረስ ለ…» ብሎ ይጀምርና ግማሽ ገጹ ሰላምታ ነው። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፤ እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ»። እንግሊዝኛ ስንማር ይህን ተዉት፣ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ግቡ ተባልን። እኔም ለኦሳካዋ ልጅ እንደዚያ ደረቅ አድርጌ ጻፍኩ። የሷ መልስ ሲመጣ የጀመረችው ስለ ዝናብ ነው። ጃፓኖች ደብዳቤ ሲጽፉ መጀመሪያ ስለ ወቅቱ ያነሳሉ፤ ደንባቸው ነው። በሰኔ ዝናብ ይገባል፣ በመጸው ቅጠሉ ይቀላል። በሁለተኛው ደብዳቤ እኔም የአያቴን ሰላምታ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩትና ጻፍኩላት። እስካሁን የምንጀምረው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ሰላምታችሁን አትቁረጡ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያለን።

አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ፈቅዳልኝ የደብዳቤዋን መሐል ላስነብባችሁ። እሷ በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው፤ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። ሩቅ አይደለም፣ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው። ስነሳ ሞቆኝ ነበር፣ በቲሸርት ነኝ። ሐረጎ ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፈነውና ሾፌሩ መብራት አበራ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዘንቢል ውስጥ ዶሮ ይዘዋል። ብርዱ ሲጀምር የነጠላቸውን ጫፍ አውርደው ዶሮዋን ሸፈኗት። ነገ ለበዓል ሊያርዷት ነው። እናንተ ከተማ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ዓይነት ልብስ የሚያስለብስ መንገድ አለ?»

ይኸው ነው። ላሊበላ የለበትም። ዶሮዋን ግን ማን ይረሳታል?

ስሜን እንዴት ልጻፍ? የቤተሰብ ስም ሲሉኝ ምን ልበል?

የአባታችሁን ስም ጻፉና ግን በአንድ መስመር አስረዱ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው። ካላስረዳችሁ ደብዳቤው «ለአቶ ሰይድ» ተብሎ ይመጣና አባታችሁን የሚጠራ ይመስላል። ጃፓኖች ደግሞ የቤተሰብ ስማቸውን ያስቀድማሉ። እኔ ለሁለት ወር ጓደኛዬን በቤተሰቧ ስም ስጠራት ቆይቻለሁ። ጨዋ ስለሆነች ዝም አለችኝ።

ወሎ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ልጁ ተስፋዬ፣ አባቱ ሰይድ፣ አያቱ ገብሬ ሊሆን ይችላል። ለእኛ የተለመደ ነው። ለውጭ ሰው ግን ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ስለ ሃይማኖት ይጠይቃችኋል። ስትመልሱ «ወሎ የፍቅር ሀገር ነው» ብላችሁ አትለፉት። ያ መፈክር ነው። የምታውቁትን ንገሩት። አጎታችሁ የሚጾመውን፣ አክስታችሁ የምትጾመውን፣ ሰርግ ላይ ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ ታርዶ በአንድ ድንኳን እንደሚበላ ንገሩት። ለየብቻ መታረዱም፣ በአንድ ድንኳን መበላቱም አብሮ ይነገር። ሙሉው እውነት ያ ነው።

ቀንና ሰዓት ያምታታኛል።

ያምታታል። ደብዳቤ ላይ ቀን ስትጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፣ ከፈለጋችሁ የእኛን ከሥሩ አክሉበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ግድም በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት እንለያለን። የልደት ቀናችሁን ስትናገሩም ቀይራችሁ ንገሩ። ጳጉሜን ላይ የተወለደ ሰው ካለ ግን ይህን ታሪክ ለብቻው በአንድ ሙሉ ደብዳቤ ይጻፈው።

ሰዓት ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ከጓደኛዬ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ለድምፅ ልንነጋገር «በኢትዮጵያ ሰዓት በ3» ተባባልን። እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቴ ነው። እሷ ግን ከሰዓት በኋላ መሰላት፤ በእኛ አነጋገር 9 ሰዓት። እኔ ጠዋት ጠብቄ ተኮራረፍን ብዬ ወጣሁ። እሷም በራሷ ምሽት ጠብቃ አዝና ተኛች። ኋላ ላይ ነው የገባን። ጃፓን ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ እኛ 3 ስንል የሷ ግድግዳ ሰዓት ላይም 3 ነው! እኔ ጋ ጠዋት፣ እሷ ጋ ከሰዓት በኋላ። የራሷን ሰዓት ብቻ ብታይ ኖሮ እንገናኝ ነበር። አሁን «በኛ ሰዓት» ስንባባል የሁለታችንም ቁጥር አንድ ነው። ሌላ ሀገር ካለ ሰው ጋር ግን ጠዋት፣ ማታ እያላችሁ በፈረንጁ ሰዓት ተነጋገሩ።

ስለ ረሃብና ስለ ጦርነት ይጠይቁኛል። ይከፋኛል። ምን ልመልስ?

መከፋታችሁ ይገባኛል። ወሎ ስትሉ ወላጆቻቸው ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን የ1977ቱን ምስል የሚያነሱ አሉ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ስለ እኛ የሚያውቀው ያንን ብቻ ስለሆነ ነው።

ሁለት ስህተት አያለሁ። አንደኛው መካድ ነው። «እሱ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ እኛ ጋ ረሃብ የለም» የሚል። አያቶቻችን የተቀበሩበትን ነገር መካድ ነው ይሄ። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ማሳዘንና ከንፈር ማስመጠጥ ነው። ሁለቱንም ተዉ። የሆነውን ንገሩት። በ1965 እና 66 ወሎ ውስጥ ሕዝብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ደብቆት እንደቆየ፣ ያም ለመንግሥቱ መውደቅ አንድ ምክንያት እንደሆነ። በ1977 ድርቁ ላይ ጦርነቱ ተጨምሮበት እንደነበር። ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ያን ያህል ሰው እንደማይገድል። ከዚያ የቤታችሁን ጨምሩ። የኔ አያት እንጀራ ሲበላ መሶቡ ሥር የወደቀችውን ፍርፋሪ በጣታቸው ለቅመው፣ ስመው ነበር የሚያስቀምጡት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ለጓደኛዬ ስጽፍላት ነው። እሷም መልሳ የሷ አያት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባዩት ረሃብ ምክንያት ሩዝ ሳህን ላይ ማስተረፍ እንደማይወዱ ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። ብዙ ጊዜ ቆሜ ቆየሁ።

ስለ 2014ቱም ይጠይቋችኋል። በዚያ ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ከአንድ ወር በላይ ቆይተዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈዋል። አንዳንዶቻችሁ በእግራችሁ ወጥታችኋል፣ ሰው ያጣችሁም አላችሁ። ይህን ለማንም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። «ስለዚህ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ» ማለት ይቻላል። ጥሩ ጓደኛ ይጠብቃል። መጻፍ ስትፈልጉ ደግሞ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። የሰማችሁትን፣ ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን አትጨምሩበት። ጊዜው ፖለቲካ ያነሳሳል፤ ስክሪን ሾት ደግሞ ከእጃችሁ ከወጣ አይመለስም።

በእውነተኛ ፖስታ መላክ እፈልጋለሁ። እንዴት ነው?

ፖስታ ቤት ሄዳችሁ ቴምብር ትገዛላችሁ፣ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ይላካል። ዋጋው እንደ ክብደቱና እንደ ሀገሩ ነው። አድራሻውን በእንግሊዝኛ በትልልቁ ፊደል ጻፉት፣ የሀገሩን ስም መጨረሻ መስመር ላይ ለብቻው።

መቀበያው ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። እኛ ጋ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ሣጥን ላይ ነው የሚገባው። ጓደኛዬ የመንገዴን ስምና የቤት ቁጥሬን ደጋግማ ጠይቃኛለች። «ከቧንቧ ውኃ ወደ ላይ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ብዬ ስነግራት ኤንቨሎፑ ላይ ልትጽፈው ነበር! ሣጥን ያለው ዘመድ ወይም መሥሪያ ቤት ካለ ተጠግታችሁ በሱ ተጠቀሙ፣ ስማችሁንና ስልካችሁን አስጽፉ። በግቢው ሣጥን የምትጠቀሙ ከሆነ ማን እንደሚያመጣው አስቀድማችሁ እወቁ፣ ያንን ሰው ሰላም በሉት። አንድ ደብዳቤዬ እንደደረሰ ሳይነገረኝ አንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አምስት ወር ተኝቷል። የአዲስ ዓመት ካርድ ነበር። ጃፓኖች የአዲስ ዓመት ካርዳቸው ልክ በበዓሉ ጠዋት እንዲደርስ ተጠንቅቀው ነው የሚልኩት። ሰኔ ላይ አገኘሁት።

ምን ስጦታ ልላክ?

ቀላልና ጠፍጣፋ ነገር። ራሳችሁ ያነሳችሁት ፎቶ፣ ፖስትካርድ፣ የሷን ስም በፊደል የጻፋችሁበት ወረቀት። ዘር፣ ጥሬ እህል፣ የደረቀ ቅጠል አትላኩ፤ ብዙ ሀገር ድንበር ላይ ይወርሱታል። ብር ፖስታ ውስጥ አትክተቱ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላስጠንቅቅ። ወሎ የብራና መጻሕፍት ሀገር ናት። በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን፣ በየመስጊዱ አሮጌ ጽሑፍ አለ። «አንድ አሮጌ ብራና ብትልክልኝ እከፍላለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ጓደኛ አይደለም። በአዋጅ 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ወንጀል ነው። ሕጉ ቀርቶ፣ የሰፈራችሁን ነገር እንዴት ትሰጣላችሁ?

ገንዘብ ብጠይቀውስ? ወይም እሱ ሊረዳኝ ቢፈልግ? ስኮላርሺፕ፣ ቪዛ…

አትጠይቁ። ይህን ስል የተማሪን ኑሮ ሳላውቅ አይደለም። ሳሙናና ካርድ የሚቸግርበት ወር እንዳለ አውቃለሁ። ግን አንዴ ገንዘብ ከጠየቃችሁ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል። ስለታመመችው እህታችሁ ብትጽፉ ሰውየው «አሁን ስንት ሊለኝ ነው» እያለ ነው የሚያነበው። መረጃ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪ ማመልከቻ መቼ ነው የሚከፈተው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከወዲያ ወገን የሚመጣውን ደግሞ እንዲህ ለዩት። ሳታዩት የወደዳችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ስጦታ ላክሁላችሁ የሚል ሰው አለ። ላፕቶፕ፣ ወርቅ፣ ዶላር በጥቅል ልኬልሃለሁ ይላል። ከዚያ «የጉምሩክ ሠራተኛ» ነኝ የሚል ይደውላል፣ ማስለቀቂያ ክፈል ይላል። ጥቅሉ የለም። ሠራተኛውም የለም። አንድ ብር አትክፈሉ። ፓስፖርታችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ የባንክ ቁጥራችሁን ፎቶ አንስታችሁ አትላኩ። ክሪፕቶ ላስተምርህ የሚላችሁንም ተዉት።

ከዚህም የባሰ አለ። «ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ፣ ኮምፒውተር የሚችልና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ተማሪ ይፈለጋል፣ ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን» የሚል። ይህን ጥሪ አምነው የሄዱ ልጆችን ድንበር አሻግረው ማያንማር ውስጥ አጥር ግቢ አስገብተዋቸዋል። ቀንና ሌሊት ሌላውን ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል፣ ተደብድበዋል። በ2017 የካቲት ከእነዚህ ግቢዎች ከወጡት ሰዎች ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ከወሎ ስደት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሁሉም ቤት የሄደ ሰው አለ። ስለዚህ ሥራ ይዞ የመጣ «የብዕር ጓደኛ» ሲገጥማችሁ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ለቤተሰብ አሳዩ። ለአንድ የምታምኑት መምህርም አሳዩ።

ፍቅር ቢሆንስ?

ሊሆን ይችላል። አትቸኩሉ። ፊቱን በቪዲዮ ሳታዩ፣ ወራት ሳትጻጻፉ ቃል አትግቡ። የራቁት ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ከሆነ በዚያው ቀን ዝጉት፤ ማስፈራሪያ የሚጀምረው እዚያ ነው።

መልስ ዘገየብኝ። ተቀየመ ይሆን?

ብዙ ጊዜ አልተቀየመም። ፈተና ይሆናል። ጃፓን የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በሚያዝያ ነው፣ ከእኛ ጋር አይገጥምም። እኛ ለፋይናል ስንቸክል እነሱ እረፍት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስት ሳምንት ከሆነ አንድ አጭር ሰላምታ ላኩ፣ ወቀሳ የሌለበት። «ለምን ዘጋኸኝ» አትበሉ። በእኛ አባባል የፍቅር ወቀሳ ነው፤ እነሱ ጋ ግን ክስ ይመስላል። ካልመለሰም አልመለሰም። ሌላ ሰው አለ። እናንተም የምትዘገዩ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩ። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትዎርክ ሲቋረጥ በእናንተ ሰበብ እንዳልሆነ ይወቅ።

እናቴ «ይሄ ፈረንጅ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች።

የኔም ትለኝ ነበር። ደብዳቤውን በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ያው ስለ ዝናብ፣ ስለ አያቷ፣ ስለ ሩዝ። አንድ ቀን ማታ ሳልጠይቃት «ያቺ ልጅ አያቷ እንዴት ሆኑ?» አለችኝ። አያቴን አመማቸው ብላ ጽፋ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ «ምን ያደርግልሃል?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ጓደኛዬ ደሴ ልትመጣ ትፈልጋለች። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ እውነቱን ንገሯት። መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ፀጥታው እንዴት ነው፣ እዚህ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ደስታ ይዟችሁ «ችግር የለም» አትበሉ። ጊዜው ካልተመቸ ቆዩ በሏት። ካመቸ ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ወይም በአውሮፕላን ኮምቦልቻ።

ስትመጣ ሙዚየሙ፣ ሐይቅ፣ አይጠየፍ አዳራሽ ይደረስበታል። መጀመሪያ ግን ቤት አስገቧት። ስለ ቡናው አስቀድማችሁ ጻፉላት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስት ዙር እንደሆነ። አቦሉን ጠጥታ አመስግና ብትነሳ እናታችሁ ምን እንደሚሰማት ታውቃላችሁ። እሷ ግን አታውቅም። ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ጎረቤት እንደሚጠራ፣ ጭሱ ዓይን እንደሚያቃጥል ንገሯት። ቡና የማትጠጣ ከሆነም ለእናታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ሻይ ይፈላላታል።

ሹራብም ትያዝ። አፍሪካ ነው ብላ በቲሸርት ነው የምትመጣው።